እናቴ የገመደችው ፀጉር

ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህችን ሳይጠይቀኝ አይነሣም፤ «ድሬዱን ቤት ራሴ ብጀምረው አይሻልም?» መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ከተመቸኝ፣ «ጊዜና ትዕግሥት ካለሽ ይሻላል» እላለሁ። ካልተመቸኝ ደግሞ፣ «ቤት ከሆነማ ቅቤ የምትቀባሽ እናት ያስፈልግሻል» ብዬ አስቃታለሁ። እኔ አልስቅም። ቤት ውስጥ የተጀመረ ድሬድ እጄ ከገባ መቀመጥ መቆም ያቅተኛል። ደንበኛዋ «ምነው ሉላ፣ ታክሲ ሊያመልጥሽ ነው?» እስክትለኝ ድረስ እጣደፋለሁ።

ምክንያቱ እህቴ ዳሲቱ ናት።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዳሲ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የምንኖረው አቃቂ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የጅቡቲ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል። አባዬ ዱጉማም ከእነዚያ መኪኖች አንዱን ስለሚነዳ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነበር። ሲመጣ እማዬ ዲንቄ ድምፅዋን ትቀንሳለች፣ እኔም ደብተሬን አወጣለሁ።

ዳሲ አረብ አገር ሦስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች ሲባል እኔ ሻንጣ ነበር የጠበቅኩት። ሻንጣ የለም። አንድ ፌስታልና ጥቁር ሻሽ። ሻሹን ግንባሯ ድረስ አጥብቃ አስራዋለች። «ምን አመጣሽልኝ?» አልኳት ገና ከበር። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዳሲ ግን ሳመችኝና፣ «ራሴን አምጥቻለሁ፣ አይበቃሽም?» አለች። በውስጤ አይበቃኝም አልኩ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ።

ሦስት ቀን ሻሹን አልፈታችም። በአራተኛው ቀን እማዬ ውኃ አሞቀች፣ ጎረቤታችንን እትዬ ጠጄን ጠራች፣ እኔን «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ። ማን ይወጣል! መጋረጃው ጀርባ ገብቼ በቀዳዳ ማየት ጀመርኩ። ሻሹ ሲፈታ እትዬ ጠጄ «በስመ አብ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። የዳሲ ፀጉር እርስ በርሱ ተያይዞ አንድ ቁራጭ ሆኗል። ወደ አገር ከመመለሷ በፊት ብዙ ሰው በታጎረበት ግቢ ሁለት ወር ቆይታ፣ አንድም ቀን ሻሿን አልፈታችም ነበር። እማዬ ማበጠሪያ አስገባች፤ ጥርሱ ተሰበረ። ሌላ አስገባች፤ እሱም ተሰበረ።

«ይሄማ አይፈታም ዲንቄ» አሉ እትዬ ጠጄ። «ላጪያትና ተገላገሉ።»

«ማን ሞቶብኝ ነው ልጄን የምላጨው?»

«እማ፣ ላጪኝ» አለች ዳሲ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ መላጨት እፈልጋለሁ።»

እማዬ እጇ ላይ የቀረውን የማበጠሪያ እጀታ መሬት ላይ ወረወረችው። «ዝም በይ አልኩሽ! አባትሽ ገብቶ ለማን ነው ቢል ምን ልትይው ነው?»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። አባዬ ሴት ልጅ ራሷን ስትላጭ አይወድም፣ ዳሲ ደግሞ የተያያዘው ፀጉር አስጠልቷታል። በቃ፣ የፀጉር ጠብ ነው። ልጅ ብሆንም አንድ ነገር ግን ማወቅ ነበረብኝ። እኛ ሰፈር ሴት ራሷን ተላጭታ ከታየች ሰው «ማን ሞተባት?» ይላል እንጂ «አማረባት» አይልም። እሱን እያወቅኩ «ለማን ነው» የሚለውን ቃል ሰምቼ አለፍኩት።

እማዬ ያንን ፀጉር አልላጨችም። የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ቤት ቃጫ ስትገምድ ነው ያደገችው። ያንን ቁራጭ በመቀስ ጫፍ ስንጥቅ ስንጥቅ አደረገችና እያንዳንዱን ዘለላ በሁለት መዳፏ እያሸች ትገምደው ጀመር። ሲደርቅባት በለጋ ቅቤ ታርሰዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከዳሲ ራስ አልተላቀቀችም። ሲያልቅ ዳሲ ሃምሳ ሁለት ዘለላ ድሬድ ነበራት። እኔ ነኝ የቆጠርኩት፣ ሁለቴ።

«ኧረ ራስታ አደረግሻት እኮ!» አሉ እትዬ ጠጄ።

«ሞድ ነው» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «እዚያ አገር ሴቱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ወይኔ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትምህርት ቤት ገብቼ፣ «የእኔ እህት አረብ አገር የሚሠራ ድሬድ አላት» ብዬ ያላወራሁለት ልጅ የለም። የሚያናድደኝ ዳሲ ራሷ አለመኩራቷ ነበር። አንድ ቦታ አትቀመጥም። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ ትመላለሳለች። የእትዬ ጠጄ የልጅ ልጅ፣ አራስ ሕፃን፣ ግድግዳው ማዶ ባለቀሰ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትነሣለች። ጫጫታ የማትወድ ሆናለች አልኩ። እኔም ተከትያት እዞራለሁ፤ እሷ ፈጠን ስትል እኔ እሮጣለሁ። እማዬ ከቤት ውስጥ፣ «ኧረ እናንተ ልጆች አዞራችሁኝ፣ ተቀመጡ!» ትለናለች። ማን ይቀመጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥበቅ ቀን ነበር። እማዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዳሲን በሁለት ጉልበቷ መሐል ትይዛታለች፣ ከሥር የበቀለውን አዲስ ፀጉር እያሸች ትገምዳለች፣ ቅቤውን ትለቀልቃለች። ፀሐይ ሲመታው ቅቤው አንገቷ ላይ ይወርዳል፣ ዝንቡ ይመጣል። ዳሲ፣ «በቃ እማ፣ ልቀቂኝ» ትላለች። እማዬ ጉልበቷን ታጠብቃለች።

«ፀጉር ቤት ልሂድ እንግዲያው» አለች አንድ ቅዳሜ ዳሲ።

«የማንም እጅ አይነካሽም።»

«እማ፣ ሳሪስ ድረስ ብቻ...»

«አልኩሽ እኮ! እኔ እያለሁ ፀጉር ቤት የለም።»

ይኸው ነው፣ አልኩ። ዳሲ ቤት ውስጥ የተሠራ ፀጉር አልወደደችም፤ ባለሙያ ትፈልጋለች። እማዬ ደግሞ በእጇ ትኮራለች። ዛሬ ሳስበው እማዬ የምትፈራው የፀጉር ቤቱን ማሽን ነበር። ያኔ ግን ልቤ ለእህቴ አዘነና እንደ ትልቅ ሰው ነገሩን በእጄ ያዝኩት።

ሳሪስ አቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ያለውን የነቢልን ፀጉር ቤት አውቀዋለሁ። መስታወቱ ላይ የድሬድ ፎቶ የተለጠፈበት ብቸኛው ቤት እሱ ነበር። ዳሲን ቧንቧው ጋ ያዝኳትና በጆሮዋ ነገርኳት። ቆም አለች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ቆማ አላየኋትም።

«የፀጉር ማሽን አለው?» አለች።

«ሁሉም ነገር አለው!»

«እርግጠኛ ነሽ ሉልዬ?»

«ምላሴን ይቁረጠው!»

በማግስቱ እማዬ ዕድር ስትሄድ እኛ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ዳሲ ጉልበቷን ታወዛውዛለች፣ እኔ ወሬዬን አላቆምም፤ ምን ዓይነት ቀለበት ድሬዷ ላይ ብታስገባ እንደሚያምርባት እየነገርኳት ነው። ቃሊቲ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም በሩን ከፍታ በእግሯ ልትሄድ ደረሰች። ረዳቱ፣ «እህት፣ ምን ነካሽ? አሁን እኮ ይንቀሳቀሳል» አላት። «ቶሎ በል በለው ሹፌሩን» አለችው። ረዳቱ ሳቀባት። እኔ ድሬዷን ለማስዋብ እንዲህ መቸኮሏ አስደሰተኝ።

ነቢል ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድሬዱ ትከሻው ላይ ይደርሳል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሱቅ ያላቸው አባቱ በእሱ ፀጉር ምክንያት መስጊድ መሄድ ሰቀቀን ሆኖባቸዋል እየተባለ ይቀለድበታል። ዳሲን አስቀመጣት፣ ሻሹን ፈታ፣ ከዚያ አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄ ምንድነው የሚሸተው?»

«ቅቤ» አልኩ እኔ።

«ድሬድ ላይ? ቅቤ? ያ አላህ!» ግን አንዱን ዘለላ አንሥቶ በጣቶቹ አሸው። ወደ መስኮቱ አዙሮ ሥሩን አየ። «ማን ነው የጀመረልሽ?»

«እናቴ።»

«የት ተማረች?»

«የትም። ቃጫ ነው የምትገምደው።»

«እጇን ይባርከው። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼ እንዲህ እኩል አድርጌ አልጀመርኩም።»

ዳሲ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። «ላጨው» አለች።

«ምን?»

«በማሽን። ሁሉንም።»

እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ነቢል ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ድምፁን ቀነሰ። «ሐዘን አለባችሁ እንዴ?»

ዳሲ አፏን ከፈተች። አሁን ዓይኔን ብጨፍን ያንን የተከፈተ አፍ አየዋለሁ። ልትናገር ነበር፤ ለማታውቀው ሰው፣ በዚያች ጠባብ ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ቀደምኳት።

«ኧረ ምን ሐዘን! እኛ ቤት ማንም አልሞተም!» አልኩ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። «እማዬ አለች፣ አባዬ አለ፣ እኔ አለሁ፣ እሷም ይኸው አለች። ማን ይሞታል?»

ዳሲ አፏን ዘጋች።

«በይ እንግዲህ» አለ ነቢል ቀለል ብሎት፣ «ሰው ካልሞተ እንዲህ ያለ ሥራ አልላጭም። ነውር ነው። እኔ ላሳምረው፣ ካልወደድሽው ነገ ተመለሺ።»

ቅቤውን ለማስለቀቅ ሦስት ጊዜ አጠባት። ከዚያ ኪሮሹን፣ ያቺን ጫፏ የተቆለመመ መርፌ፣ ይዞ ከሥር የወጣውን ፀጉር ወደ ዘለላው እያስገባ፣ እሬት እየቀባ፣ አንድ በአንድ አጠበቀው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዳሲ ታለቅስ ነበር፣ ድምፅ ሳታሰማ። እንባው አገጯ ላይ ተጠራቅሞ ፎጣው ላይ ይወርዳል።

«ቀስ በል እንጂ፣ አመማት!» አልኩት።

«ይቅርታ እህቴ» አላት ነቢል፤ እጁን ይበልጥ አለሰለሰ።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ከዚሁ ሰው ነው። የእሱ ኪሮሽ ማንንም አያሳምምም።

ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ነበረች፣ ነጠላዋ መሬት ይጎትታል። ሮጣ ዳሲ ላይ ደረሰችና ሻሹን ከራሷ ላይ ነጠቀችው። ሃምሳ ሁለቱም ዘለላ ትከሻዋ ላይ ወረደ። እማዬ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ተመስገን» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ዳሲ አልፋት ገባች። የነቢል ሥራ እማዬን እንዲህ ያስለቀሳት መስሎኝ፣ ላጨው ብላው እንደነበረና እኔ እንዴት እንዳስጣልኩ እየዘለልኩ ተረክሁላት። እማዬ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ፣ የእኔ ብልህ!» አለችኝ።

ያንን ምስጋና ስንት ዓመት ተሸክሜ ዞርኩ። አፈር ልብላ!

ዳሲ ነቢል ጋ አልተመለሰችም፤ እሱ ግን እኛ ቤት ይመጣ ጀመር። ዳሲ ወደ ማሽኑ እንዳትሄድ እማዬ ናት ያስጠራችው። በወር አንዴ ኪሮሹን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ እሱና እማዬ በእህቴ ራስ ላይ ይጣላሉ።

«እትዬ ዲንቄ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቅቤውን ወጥ ውስጥ ያድርጉት።»

«ያንተ እሬት ነው ያደረቀው! እይ፣ ጭድ አስመሰልከው!»

«በሳምንት አንዴ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ በቃ። ሌላ አይነካ።»

«አንተ ልታስተምረኝ? ማን ጀመረውና!»

እኔ በሳቅ እንከተከታለሁ። ዳሲ በመሐል ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ድሬዱ ወገቧ ደረሰ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፣ ሰፈሩ «ራስቷ» አላት፣ ለጋብቻ የመጡትን ሁሉ መለሰች። ከሥራ ስትወጣ በሰርቪስ አትመጣም፤ በእግሯ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ቤታችንን አልፋ ትሄድና ትመለሳለች። እኔ አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ነቢል ጋ ገባሁ። ምን እንደምትፈልግ ዳሲን ጠይቄያት አላውቅም፤ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አምና እማዬ ታመመች። ኩላሊት ነው ተባለ። አንድ ከሰዓት ዳሲን መድኃኒት ቤት ላከቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ሉላ፣ በሩን ዝጊው። እኔ ስሞት እህትሽ ትላጭ። ማንም እንዳይከለክላት።»

«እማ፣ ምን ሟርት ነው?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ሰው ለእኔ ይመስለዋል።»

ከዚያ ነገረችኝ። እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው የሰማኋት። ዳሲ እዚያ ሳለች ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። አልቅሳ አልቀበረችውም፤ ወስደው ቀበሩት፣ የት እንደሆነም አልነገሯትም። የማን እንደሆነ እማዬ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

«ያን ጊዜ አባትሽ ቢሰማ ከቤት ያባርራታል ብዬ ፈራሁ። የተላጨች እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ ትነግረዋለች። ውሸት አትችልም እሷ።» እማዬ እጆቿን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «በእነዚህ እጆቼ ልቅሶዋን ራሷ ላይ ገምጄ አሰርኩባት። አሥራ አንድ ዓመት።»

እኔም ነቢል ቤት ምን እንዳልኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በጣቴ ስቆጥር። ወጥቼ ቧንቧው ጋ ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ አልበቃኝም። ዳሲ መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እማዬ በወሩ ሞተች። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሰው በሰው ሆነ። ዳሲ እየተሽቀዳደመች ትሠራለች፤ ወንበር ታነሣለች፣ ውኃ ታድላለች፣ ይቺን ሴት ማን ያስቀምጣት። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች።

«ማሽኑን አምጪ።»

ነቢልም ለቅሶ መጥቶ ነበር፤ ልርዳሽ ብሎ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ የምላጫት» አልኩት። ዳሲ ሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ በመቀስ እያንዳንዱን ዘለላ ከሥሩ ቆረጥኩ። ሴቶቹ፣ «እሰይ፣ ወግ ነው፣ እናት አይደለች!» ይላሉ። ከዚያ ማሽኑን ጀመርኩ። ግማሹን እንደላጨሁ ዳሲ መዳፏን ራሷ ላይ አደረገች፣ ቆዳዋን ነካች፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ከውስጧ ወጣ።

«ኩምሳ! ኩምሳዬ! ኩምሳ!»

ሴቶቹ ተያዩ። «አያቷን ነው» አሉ እትዬ ጠጄ ለሁሉም እንዲሰማ። ኩምሳ የአባዬ አባት ናቸው። «አንዱ ሐዘን ሌላውን ያስታውሳል፣ አልቅሱላት!» ሁሉም «ጋሽ ኩምሳ» እያሉ ያለቅሱ ጀመር።

አባዬ ከወንዶቹ መሐል ተነሣ። ከጡረታ ወዲህ ወገቡ ጎብጧል፤ ሰዉን በእጁ እየገፋ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ዳሲ፣ አባቴ የሞተው አንቺ ሳትወለጂ ነው» አላት። «አታውቂውም። የትኛውን ኩምሳ ነው የምታለቅሺው?»

ማሽኑን አጠፋሁት።  ዳሲ በግማሽ የተላጨ ራሷን ቀና አድርጋ አየችው።

«ልጄን ነው፣ አባዬ። ያንተን አባት ስም አውጥቼለት ነበር።»

አባዬ ሊወድቅ መስሎኝ እጁን ያዝኩት። እጄን አስለቀቀኝ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ሦስት ቀን።»

 አባዬ ወደ ወንዶቹ ዞረ። «እባካችሁ ሰዎች፣ የሚሄድ እንዳይኖር» አላቸው። ሁሉም ሰማው። «አንድ ሌላ ሐዘን አለብኝ። የልጅ ልጄ ሞቷል፤ እስከ ዛሬ አልተለቀሰለትም።»

ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እትዬ ጠጄ ነጠላቸውን አስተካክለው ዳሲ አጠገብ ተቀመጡና፣ የሕፃኑን ስም ጠርተው ለቅሶውን ከመጀመሪያው ጀመሩት።